የተጨመሩት ሁለት ብረቶች

እስከ ዛሬ ድረስ የጭነት መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔ ሾፌሩን አያይም፤ ጭነቱንም አያይም። ወደ ኋላ ጎማው ይወርድና ብረት ይቆጥራል። ሰባት ከሆነ ትንፋሼ ይመለሳል። ዘጠኝ ከሆነ መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ እቀራለሁ። ሰው ያልፈኛል፣ ጋሪ ያልፈኛል፣ «ምን ሆነሽ ነው?» የሚለኝም አለ። ምንም አልሆንኩም እላለሁ።

የሰው ስም አልጽፍም። የሞተም አለ፣ በሕይወት ያለም አለ። ፊደል የቆጠርኩትም በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጆቼን ከወለድኩ በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ስለሆነ እጄ ለእስክሪብቶ አልተፈጠረም። እንደምናገረው አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ባሌ መካኒክ ነበር። ጅማ መርካቶ፣ ከእህል ተራው ጀርባ፣ በግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ የለበሰች ጋራዥ ነበረችው። እኔ ደግሞ የግቢው በር ላይ ያገለገለ መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ከተገለበጠ መኪና፣ ከተቃጠለ መኪና፣ ዕድሜው አልቆ ሣር ከበቀለበት መኪና የተፈታ ዕቃ ይመጣልኛል። በናፍጣ አጥበዋለሁ፣ በጨርቅ አደርቀዋለሁ፣ በየዓይነቱ እደረድረዋለሁ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ማንበብ ሳልችል ነው፤ ስለዚህ ዕቃን የማውቀው በእጄ ነው። ኩሽኔታ በጣቴ አሽከርክሬ ድምፁን ከሰማሁ የየትኛው መኪና እንደሆነ እነግራችኋለሁ። የእጄ ሽታ ግን በሳሙናም በሎሚም አይለቅም ነበር። ልቅሶ ቤት ስገባ ሰዎች ሳያዩኝ መምጣቴን ያውቃሉ።

በዚያ ዘመን አዲስ ዕቃ የሚባል ነገር ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ በዓይን አይታይም። ከሰቃም ከአጋሮም የሚመጣው ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ነበር የሚፈልገው። አንድ ቀን የሰቃ ወፍጮ ቤት ሰው የተሰበረ ኩሽኔታ በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ዳበስኩት። ከአሮጌ አውቶቡስ የተፈታ አንድ ነበረኝ፤ አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኩት፤ መንታ ናቸው። ሰውየው «ሴትዮ፣ እኔ ወፍጮ ነው ያልኩሽ እንጂ አውቶቡስ መቼ ጠየቅኩሽ» ብሎ ሊቆጣ ነበር። ወስዶ ገጠመው፤ ወፍጮው ፈጨ።

ከዚያ ወዲያ ልብ ብዬ ሳይ ነገሩ በሁሉም ቦታ አለ። የትንሿ መኪና የበር እጀታ በትልቁ ላይ አለ። የአውቶቡሱ የውሃ ፓምፕ ከጭነት መኪናው ጋር አንድ ነው። ባሌን ጠየቅኩት፤ እነዚህ ፈረንጆች ያን ሁሉ ተምረው ሌላ መሥራት አቅቷቸው ነው ወይ አልኩት። እሱ ሆዱን የሚወድ ሰው ስለነበር ነገር ሁሉ የሚገባው በወጥ ነው።

«አንቺ ለድግስ ስትሠሪ ለእያንዳንዱ ወጥ ለየብቻው ቁሌት ታቁላያለሽ?» አለኝ። «አንዴ በትልቁ ታቁላያለሽ፤ ከዚያ ለዚህም ለዚያም ትቀንሻለሽ። እነሱም እንደዚያው ናቸው። ተሞክሮ ያላሳፈራቸውን ብረት ለአውቶቡሱም ለጭነቱም ያደርጉታል። ለሁሉም አዲስ ልሥራ ቢሉ መቅረጫው ብቻ ይጨርሳቸዋል፤ መኪናውንም የሚገዛ አያገኙ።»

ሌላም ነገር ነበር የማይገባኝ። ሾፌሮች እየመጡ ጉልበት ጨምርልን፣ ጭነት የሚችል አድርግልን ይሉታል። ይቻላል ማለት ነዋ። የሚቻል ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ለምን ከመጀመሪያው አላደረገውም? ጉልበቱን ለማን ቆጥቦ ነው?

እንዲህ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ ያኔ ሳቅ ብቻ ነበር የመጣልኝ።

«የድግስ ወጥ ላይ በርበሬ ለምን ለዘብ ታደርጊያለሽ? የሚበላውን አታውቂማ። ሽማግሌ አለ፣ ጨጓራ ያለበት አለ። ሚጥሚጣውን በሳህን ለብቻ ታስቀምጫለሽ፤ የፈለገ ይነስንስ፤ ከተቃጠለ የራሱ ጉዳይ ነው፤ አንቺን አይወቅስም። ፋብሪካም መኪናውን ማን እንደሚነዳው፣ በምን መንገድ እንደሚነዳው አያውቅም። ለሁሉም የሚሆነውን ይሠራል። ጭማሪውን ለእኛ ይተወዋል። የጨመረ ሰው ግን የሚጠየቀው እሱ ነው።»

እሱ ራሱ አይጨምርም ነበር። ያረጀውን ያድሳል፣ የጎበጠውን ያቃናል፤ ከዚያ አያልፍም። መኪና እንደ ሰው ገላ ነው ይላል፤ ጉልበቱን ብታጠነክሪ ወገቡ ይከፍላል። በጉበት ሕመም ታሞ ሲሞት ጋራዧ ለትልቁ ልጄ ቀረች። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን አሥረኛ ላይ ትቶ ቱታ ለበሰ። የአባቱ እጅ ነበረው፤ እንዲያውም ይበልጥ ነበር።

የፈራሁት መኪናን አልነበረም። ብሔራዊ ውትድርና መጥቶ ነበር። ቀበሌው ይህን ያህል ወጣት አምጣ ይባላል፤ ያንን ቁጥር እስኪሞላ ድረስ እናት የሆነች ሁሉ ልጇን ከደጅ አታስወጣም። የጎረቤቴ ልጅ ኳስ ይጫወት ከነበረበት ሜዳ፣ በቁምጣ፣ ባንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አድርጎ ተወሰደ። እናቱ ቀን በቀን ቤት የቀረውን አንዱን ካልሲ እያጠበች ታሰጣዋለች። ከግንቡ በላይ ይታየኛል። አንድ ካልሲ በሽቦ ላይ። ነፋስ ሲነካው እግር ያለው ይመስለኛል፤ ፊቴን አዞራለሁ።

የእኔ ልጅ በቤት የቀረው በወረቀት ነበር። አንድ ቡና የሚያጓጉዝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪኖቹን ልጄ ዘንድ ያሠራ ነበር። የስምሪት ኃላፊው በቡና ወቅት ይህ መካኒክ ለሥራው አስፈላጊ ነው የሚል ደብዳቤ ለቀበሌው ይጽፍልናል። ደብዳቤው ለስድስት ወር ነው። ስድስት ወሩ ሊያልቅ ሲል እኔ ቀን እቆጥራለሁ።

ከመሥሪያ ቤቱ ሾፌሮች ጋራዣችን የሚያዘወትረው አንዱ የሰቃ ሰው ነበር። አርባ ዓመት የሞላው፣ ቀልደኛ፣ አምስት ወቅት ሰላቱን የማያጓድል ሰው። ከሩቅ ገና ሲያየኝ «አዴ ናፍጣ!» ይለኛል። እማማ ናፍጣ ማለቱ ነው። ሽቶዬ ዛሬ ከየት ፓሪስ እንደመጣ ይጠይቀኛል። እኔም አንተ ደግሞ መኪናህን ትተህ ምላስህን ብትነዳ አዲስ አበባ ቀድመህ ትደርሳለህ እለዋለሁ። ልጄን እንደ ታናሽ ወንድሙ ነበር የሚያየው።

ያን ዓመት ቡናው በዛ፣ መኪናው አነሰ። የስምሪት ኃላፊው ሾፌሩን አስከትሎ መጣ። አለባበሱ የተተኮሰ ካኪ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። መኪናው ኋላው ይሰምጣል አለ። ኬላ ላይ የሚቆሙት ጠባቂዎች ሚዛን የላቸውም፤ የሚያዩት ባሌስትራውን ነው። ባሌስትራ ማለት ከኋላ ጎማው በላይ እንደ ደጋን ጎብጠው የሚደራረቡት ዝርግ ብረቶች ናቸው፤ ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ብረቶቹ ወደ ታች ከተለጠጡ ትርፍ ጭነሃል ብለው ጆንያ ያስወርዳሉ። ኃላፊው የፈለገው መኪናው ትርፍ ጭኖ ኋላው እንዳይሰምጥ ነው።

ልጄ እምቢ አለ። በትህትና ነው እምቢ ያለው፤ አባቴ ይህን አይሠራም ነበር፣ እኔም አልለመድኩትም አለ። ኃላፊው አልተቆጣም። ሲወጣ እኔ በር ላይ ዕቃ አጥባለሁ፤ ቆመና ደብዳቤው በዚህ ወር እንደሚያልቅ አስታወሰኝ። ለእናቱ ማሳሰቤ ነው አለና ሄደ።

ያን ቀን ልጄን ለመንኩት። ሁለት ብረት ብቻ ምን ይጎዳል አልኩት። የአንጥረኛ ሥራ ይሆንና ይሰበራል አለኝ፤ በእሳት የተቀጠቀጠ ብረት ከፋብሪካው ጋር አይስማማም፤ ደግሞም ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እውነቱን ነበር። በከተማው ባሌስትራ የሚያስጨምሩ ሁሉ አንጥረኛ ዘንድ ነበር የሚያሠሩት፤ የመዶሻው ምልክት ይታያል።

እኔ ግን ከዕቃዬ መሃል ተነስቼ ወደ ጓሮ ሄድኩ። ከተገለበጠ አውቶቡስ የተፈታ ባሌስትራ ከአጥሩ ሥር ነበረኝ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፣ በናፍጣ አጠብኩት። ጎትቼ አምጥቼ ከጭነት መኪናው ሥር ገባሁ። ሴት ልጅ፣ ባልቴት፣ ቀሚሴን ሰብስቤ። በስንዝሬ ለካሁ፤ ያው ነው። በአውራ ጣቴ ጫፉን ዳበስኩ። ፋብሪካው ከብት እንደሚተኮስ አድርጎ የሚያትማት ትንሽ ምልክት አለች፤ በመኪናው ብረት ላይም አለች፣ በአውቶቡሱም ላይ አለች። አንድ ቦታ፣ አንድ ጥልቀት። ቁሌቱ አንድ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ለልጄ አሳየሁት። ማንም አንጥረኛ ያልነካው የፋብሪካው የራሱ ብረት ነው፤ እንግዲህ ምን ምክንያት አለህ አልኩት።

ልጄ ብረቱን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው።

«እማ፣ ብረቱስ የፋብሪካው ነው፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው» አለኝ።

ያኔ አልገባኝም። ገብቶኝ ቢሆንም የማደርገው ያንኑ ነበር፤ ይህን ራሴን አላታልልም። የጎረቤቴ ካልሲ በሽቦው ላይ ነበረ። አሠራሁት። በሁለቱም ወገን ሁለት ሁለት ብረት ገባ፤ ሰባት የነበረው ዘጠኝ ሆነ። ሾፌሩ የሞተሩንም ጉልበት ትንሽ ክፈትልኝ ብሎ ነበር፤ ልጄ የነዳጅ ፓምፑ ላይ ፋብሪካው ያሰረው የእርሳስ ማኅተም አለ፣ እሱን አልነካም ብሎ ተወው። ደብዳቤውም ታደሰ። ወረቀቱን ከቀሚሴ ሥር፣ ከመቀነቴ ጋር አስሬው ወደ ቤት ገባሁ።

ለሁለት ወር ያህል መኪናው የከተማው መነጋገሪያ ሆነ። ጆንያው እስከ ላይ ተቆልሎ ኋላው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኬላ ላይ እጃቸውን አውለብልበው ያሳልፉታል። ሾፌሩም «አዴ ናፍጣ፣ ልጅሽ መኪናዬን ኮርማ አደረጋት» ይለኛል። እኔም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። እንዲያውም ሌሎች ሁለት ሾፌሮች መጥተው ጠየቁ፤ ልጄ ግን ሁለተኛ አልሠራም።

ወሬው በቀትር መጣ። ከሰኮሩ አልፎ ወደ ግቤ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው ፍሬን አልይዝ ብሎት ከመንገድ ወጣ። ሰው አልሞተም፤ ያንን ደጋግሜ ለራሴ እነግራለሁ። ሾፌሩ ግን እግሩ ከመሪው ሥር ተቀርቅሮ ተሰባበረ። ቡናው ገደል ገባ። ያ ቡና የመንግሥት ነው፤ የውጭ ምንዛሪ ነው። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሲጠፋ አደጋ ነው አይባልም። አሻጥር ነው፣ ማን ነው የሠራው ይባላል። አሻጥር የሚለውን ቃል እንኳን ሰው ሲናገረው በሬዲዮ ስሰማውም ተነስቼ እዘጋዋለሁ።

ሾፌሩን ጅማ ሆስፒታል አመጡት። ሾርባ ይዤ ሄድኩ። በአልጋው ራስጌ ፖሊስ ተቀምጧል። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጢሙ ላይ ደም ደርቋል። ስገባ ዓይኑን ሳይገልጥ አፍንጫው አወቀኝ መሰለኝ፤ ከንፈሩ ፈገግ አለ። አዴ ናፍጣ ግን አላለኝም። ሾርባውን በማንኪያ ሳቀምሰው ፖሊሱ ወደ መስኮቱ ዞር ባለበት ቅጽበት እንዲህ አለኝ፦

«ወላሂ፣ መኪናዋ አልነገረችኝም። ድሮ ሲከብዳት ታቃስታለች፤ ኋላዋ ይሰምጣል፤ እኔም ቀስ እላለሁ። አሁን ግን ባዶ መኪና የያዝኩ ነው የመሰለኝ።»

ማንኪያውን ወደ ሾርባው መለስኩ። ፖሊሱ ዞረ። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ። ሰባቱ ብረቶች መስመጣቸው ለካ ድክመት አልነበረም። ፋብሪካው ለሾፌሩ የሰጠው አንደበት ነበር። እኔ ነኝ አንደበቷን ያሰርኩት። ፍሬኑ ለሰባት ብረት ሸክም የተሠራ ነው፤ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ የፍሬኑ ሸራ ጋለ፣ ተቃጠለ፣ መያዝ አቃተው። ይህን ሁሉ ልጄ በኋላ አስረድቶኛል። እኔ ግን ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቴ ስመጣ የሰማሁት ያችን መኪና ነው። ዝም ብላ ስትወርድ። ዝምታዋ ይሰማኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሌሎች የሚፈሩት የመኪና ጩኸት እኔን አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ከብዶት የማያቃስት ነው።

በሦስተኛው ቀን ስብርባሪውን ጎትተው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ጣሉት። መኪናውን ነክቶ የሚያውቅ ሁሉ ይምጣ ተባለ። ልጄን ብቻውን አልሰደውም ብዬ አብሬው ሄድኩ። ሁለት ፖሊሶች፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የስምሪት ኃላፊው እና የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ መካኒክ ቆመዋል። ኃላፊው እኛን አላየንም። የተተኮሰ ካኪውን እያራገፈ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጨምር ያለው በቃል ነበር፤ በወረቀት የለም።

ሽማግሌው መካኒክ ባሌስትራውን ፈታ። ብረቶቹን አንድ በአንድ ከሣሩ ላይ ደረደራቸው። ሰባተኛውን ሲያስቀምጥ ልጄ ክንዴን ያዘኝ። ስምንተኛው። ዘጠነኛው። ሽማግሌው ቀና አለና ትንፋሹን ሳበ። ሊቀመንበሩ ምን አገኘህ አለው፤ እዚህ ከተማ ባሌስትራ የሚያስጨምሩ አድኃርያን እንዳሉ እናውቃለን፣ አንጥረኛ የነካው ነገር ካለ አሳየኝ አለው።

ሽማግሌው ተንበረከከ። በአውራ ጣቱ የእያንዳንዱን ብረት ጫፍ ዳበሰ። እኔ እንደማደርገው ነው ያደረገው። ጣቱ በዘጠነኛው ላይ ቆየ። ያ ጣት እስከ አሁን እዚያ ያለ ይመስለኛል። ከዚያ ቀና ሲል ሊቀመንበሩን አላየም፤ እጄን አየ። ጥፍሬ ሥር የማይለቀውን ጥቁረት።

«አንጥረኛ የነካው የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሁሉም የፋብሪካው ምልክት አለበት። እንዲህ ሆኖ የተሠራ ነው» አለ።

ፖሊሱ ጻፈ። ሊቀመንበሩ በል እንግዲያው ጥፋቱ የነጂው ነው አለ። ኃላፊው ሰማዩን ማየት አቆመ። ሽማግሌው የፋብሪካው መኪና ሰባት ብረት ብቻ እንዳለው ያላወቀ አይመስለኝም፤ ሠላሳ ዓመት በዚያ ሥራ ላይ ነበር። ባሌን ያውቀው ነበር መሰለኝ። ወይም እሱም የሚፈራው ልጅ ነበረው። እንጃ። ተመልሼ ልጠይቀው አልደፈርኩም፤ ከዓመት በኋላ ሞተ ሲሉኝ እፎይ ማለቴን አስታውሳለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሾፌሩም አልተናገረም። ሲጠይቁት መኪናዋ ከፋብሪካ እንደመጣች ናት፣ ማን እንደነካት አላውቅም አለ። ለልጄ አዝኖለት ይሁን፣ አሻጥር የሚለው ቃል ራሱንም እንዳይጠልፈው ሰግቶ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። በፍጥነት አሽከርክሮ የመንግሥት ንብረት አጥፍቷል ተባለና፣ እግሩ ሳይጠገን፣ በክራንች ወህኒ ገባ።

ልጄ ቱታውን አወለቀ። ምግብ ይገፋል፤ ስጠራው ሁለት ጊዜ ካልጠራሁት አይሰማም። እናገራለሁ አለኝ፣ ሄጄ ራሴን እሰጣለሁ፣ ብረቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ያዘዘኝም እገሌ ነው እላለሁ አለኝ። በጋራዧ መሃል ደረቴን ይዤ ቆምኩበት። ከተናገርክ ያጠባሁህ ጡቴ ይፍረድብህ አልኩት። ይህን እናት ካለች በኋላ ልጅ ምን ይላል? ደብዳቤያችንም ሳንጠይቅ ታደሰ፤ የስምሪት ኃላፊው በራሱ እጅ ቀበሌ ድረስ ወስዶ ሰጠ። ለአፋችን መክደኛ መሆኑን እኔም እሱም እናውቃለን።

እኔ ለሾፌሩ ስንቅ መውሰድ ጀመርኩ። ሚስቱ ከሰቃ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የምትመጣው፤ ሌላውን ቀን እኔ ሸፈንኩ። ሥጋ ስሠራለት ከእስላም ቤት አሳርጄ፣ በሌላ ድስት፣ ለብቻው። ጠባቂዎቹ ዘመዱ ነሽ ወይ ሲሉኝ አዎ እላለሁ። ሰሃኑ ተበልቶ ይመለስልኛል። አንድ ቀን ባዶ ሳይመለስ ቀርቶ ምሳው እንዳለ መጣ፤ ተናግሮብናል፣ ስንቄንም አልበላም ማለቱ ነው ብዬ ነበር። ለካ ረመዳን ገብቶ ነው።

አንድ ሐሙስ፣ ገበያው ሲሟሟቅ፣ ሚስቱ ግቢያችን መጣች። ረዥም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሴት። በቅል ማር ይዛለች። አማርኛ አትችልም፤ የምንነጋገረው በኦሮምኛ ነው። አዴ እያለች ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ዘመዶቹ ሁሉ ፈርተው ሲሸሹ ዘመድ ያልሆነች ክርስቲያን ስንቅ ትወስድለታለች፣ አላህ ይክፈልሽ፣ ገለቶማ፣ ገለቶማ አለችኝ። ቅሉን ተቀበልኩ። እጄ ላይ የነበረውን ክብደት ልነግራችሁ አልችልም።

ልጄ ከጋራዡ ወጣ። ቆሞ ሲሰማ ነበር። ከፊቷ መጥቶ ተቀመጠ፤ መሬት ላይ። ሁሉንም ነገራት። ብረቱን፣ አውቶቡሱን፣ ፍሬኑን፣ ኃላፊውን። የእኔን ግን አልነገራትም፤ ጨመርኩ ነው እንጂ አስጨመረችኝ አላለም። እኔ ቅሉን ታቅፌ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። ትጮሃለች፣ ሰው ትሰበስባለች፣ ፊቱን ትቧጭረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። ለረዥም ጊዜ የልጄን እጆች አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦

«ልጅሽ ሄዶ ይህን ቢናገር ባሌን ይፈቱታል?»

ገበያው ይጮሃል። የእህል ተራው አቧራ በበሩ ይገባል። ልጄ አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ቀደምኩት።

«አይፈቱትም» አልኳት። «ልጄንም ይጨምሩታል እንጂ ባልሽን አይለቁትም። ሁለት ቤት ይጠፋል።»

«ኤዬ» አለች። ኤዬ ብቻ፤ እሺ እንደማለት። ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ ገበያው ወጣች። እርምጃዋ አልፈጠነም።

ልጄ ከመሬቱ አልተነሳም።

«በምን አወቅሽ?» አለኝ።

ቢናገር ይፈቱት ነበር ወይ? ምናልባት ኃላፊውን ይዘው ሾፌሩን ይለቁት ነበር። ምናልባት ሦስቱንም ይገድሏቸው ነበር። የሚያውቅ ሰው አልጠየቅኩም፤ የሚያውቅ እንዳላገኝ ፈርቼ ሳይሆን፣ ይፈቱታል የሚል እንዳይገጥመኝ ፈርቼ። ቅሉን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ማሩን ማንም አልቀመሰውም፤ ጉንዳን ወረሰው።

ሾፌሩ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ወጣ። መኪና ዳግመኛ አልነዳም፤ ያ እግር ፔዳል አይረግጥም። ልጄ ጋራዡን ከፍቶ ሠራ፤ የተሰበረ ይጠግናል፣ እንደ አባቱ። በግንባር የቀሩት የሰፈራችን ልጆች ሳይመለሱ መንግሥቱም ወደቀ። የእኔ ልጅ ማታ ቤቱ ይገባል፣ ከማዕዴ ይበላል፣ ስንቀመጥ ስለ ዕቃና ስለ ዝናብ እናወራለን። ያንን ጥያቄ ደግሞ ጠይቆኝ አያውቅም።

አሁን ሾፌሩ ሐሙስ ሐሙስ ከሚስቱ ጋር በቆሎ ይዞ መርካቶ ይመጣል። ሚስቱ ስታየኝ ጆንያዋን ማስተካከል ትጀምራለች፤ ፊቷን አላይም። ያን ሐሙስ የተባባልነውን ነግራው ይሁን አይሁን አላውቅም። እሱ ግን በከዘራው ተደግፎ ይቆማል፣ ጤናዬን ይጠይቀኛል፣ ከዚያም ሁልጊዜ ልጅሽስ ይለኛል።

አለ፣ እለዋለሁ።